መስመሩ ሲጠፋ ራውተሩ ምን ያውቃል?

በደቡብ ጎንደር ባሉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ከተሞች፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ፣ ባንክ ገብቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ደህና ነው፤ የደንበኞች ሂሳብ የተመዘገበበት የአዲስ አበባው የመረጃ ማእከልም ሥራውን አላቆመም። የጠፋው ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ነው። ስለዚህ አቅም ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ዋናው ሲቋረጥ የሚተካ ሁለተኛ መስመር ያስገባሉ። ሁለት መስመር ገብቶም ግን አገልግሎት የሚቆምበት ጊዜ አለ። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ከአንድ ጥያቄ መነሣት ይቻላል፤ መስመሩን የሚቀይረው መሣሪያ፣ ማለትም ራውተሩ፣ የመስመሩን መጥፋት በምን ያውቃል?

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በአጭር ገመድና ስዊች በሚባል ማከፋፈያ ነው። ከሕንፃው ወጥቶ ሌላ ከተማ ለመድረስ ግን የቴሌኮም ድርጅት መስመር መከራየት ያስፈልጋል። በውስጡና በውጩ ኔትወርክ ድንበር ላይ የሚቀመጠው ሳጥን ራውተር ይባላል። መረጃ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የመድረሻ አድራሻ ተጽፏል። ራውተሩ ይህን አድራሻ ያይና ፓኬቱ በየትኛው ፖርት፣ ማለትም በየትኛው መሰኪያ በኩል፣ መውጣት እንዳለበት የመንገድ ሰንጠረዥ ከሚባል ዝርዝር ይወስናል። ተጠባባቂ መስመር ማዘጋጀት ሲጠቃለል የዚህን ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ በትክክለኛው ሰዓት እንዲቀየር ማድረግ ነው። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ አስቸጋሪው ትክክለኛውን ሰዓት ማወቅ ነው።

የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ለመስመር ዝርጋታ የማይመች መሬት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ዙሪያ የሚነሣው ደጋ በጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው፤ ስማዳ በበሽሎና በዓባይ ገደሎች ያበቃል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ቻይናውያን የሠሩት አውራ ጎዳና የአካባቢው ዋና መተላለፊያ ነው። ወገዳና መካነ ኢየሱስ ደግሞ ከዚህ ጎዳና ርቀው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። መሬት ላይ ለሚዘረጋ ገመድ ቀላሉ ቦታ የመንገድ ዳር ነው፤ ለመቅበርም ሆነ ምሰሶ ለመትከል፣ ሲበጠስም ደርሶ ለመጠገን መኪና መግባት አለበት። መንገዱ አንድ በሆነበት አገር የገመዱም መንገድ ወደ አንድ ያዘነብላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት ወረዳኔት የተባለውን ኔትወርክ ሲዘረጋ፣ ለብዙ ራቅ ያሉ ወረዳዎች ሳተላይትን የመረጠው በዚሁ የመሬት አቀማመጥ ምክንያት ነው። በግቢ ወይም በጣራ ላይ የሚተከለው፣ ቪሳት የሚባለው ዲሽ መንገድም ምሰሶም አይፈልግም። በዚያው ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርትም በሳተላይት የሚሠራጭ ነበር። የሳተላይት ድክመት ርቀቱ ነው። ከምድር አንጻር በአንድ ቦታ የቆሙ የሚመስሉት ሳተላይቶች ያሉት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ እስኪወርድ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ከነፋስ መውጫ አዲስ አበባ ያለው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደርሶ መልስ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። በመካከል ያሉት መሣሪያዎች የሚጨምሩት መዘግየት ቢታከልበትም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ ፋይበር በደረሰበት ሁሉ ዋና መስመር ይሆናል፤ ሳተላይት ወይም በሲም ካርድ የሚሠራ የሞባይል ሞደም ደግሞ ተጠባባቂ።

ሁለት መስመር ካለ ሁለቱንም ሁልጊዜ ማሠራት ለምን አልተቻለም የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በአብዛኛው ዋጋ ነው። ተጠባባቂ መስመሮች በስልክ ጥሪ ይሠሩ በነበረበት ዘመን ክፍያው በደቂቃ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬም በሞባይል ዳታ ክፍያው በተጠቀሙት መጠን ነው። ሲስኮ የተባለው አምራች በሚሠራቸው ራውተሮች ላይ «ባክአፕ ኢንተርፌስ» የሚባለው ትእዛዝ ከዚህ ፍላጎት የተነሣ ነው። ባለሙያው በዋናው ፖርት ማስተካከያ ሥር የተጠባባቂውን ፖርት ስም ይጽፋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተጠባባቂው «ስታንድባይ» ወደሚባል ሁኔታ ይገባል፤ ፓኬት አያስተላልፍም፣ በመንገድ ሰንጠረዡም ውስጥ የለም። ዋናው ፖርት ሲወድቅ ይነሣል፤ ዋናው ሲመለስ ተመልሶ ይተኛል። አብሮት የሚሄደው «ባክአፕ ዲሌይ» ሁለት ቁጥሮች ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ዋናው ከወደቀ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ተጠባባቂው እንዲነሣ፣ ሁለተኛው ዋናው ከተመለሰ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ተጠባባቂው እንዲተኛ ይወስናል። ሌላም ትእዛዝ አለ፤ ዋናው መስመር እየሠራ ሳለ ጭነቱ ከተወሰነ መቶኛ ሲያልፍ ተጠባባቂውን ለእርዳታ የሚያስነሣ። ትእዛዙን ጽፎ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ችግሩ ያለው «ሲወድቅ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ራውተር የአንድን ፖርት ሁኔታ በሁለት ደረጃ ይመለከታል። የመጀመሪያው የአካል ደረጃ ነው፤ በገመዱ በኩል የኤሌክትሪክ ወይም የብርሃን ምልክት ይመጣል ወይስ አይመጣም። ሁለተኛው የፕሮቶኮል ደረጃ ነው፤ በገመዱ ማዶ ያለው መሣሪያ በተስማሙበት ቋንቋ ይመልሳል ወይስ አይመልስም። በቀድሞዎቹ ሲሪያል መስመሮች ሁለተኛው ደረጃ ጠቃሚ ነበር። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ያሉት ራውተሮች በየ10 ሰከንዱ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይለዋወጡ ነበርና፣ ሦስት መልእክት በተከታታይ ከቀረ ፖርቱ ወድቋል ተብሎ ይመዘገብ ነበር። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሁለቱን ራውተሮች በቀጥታ ያገናኝ ስለነበር በየትም ቦታ ቢበጠስ በ30 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይታወቅ ነበር።

የዛሬው ቅርንጫፍ አቀማመጥ ከዚህ ይለያል። ከራውተሩ የሚወጣው ገመድ የሚያበቃው እዚያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ፣ የቴሌኮም ድርጅቱ ባስገባው ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ብርሃን ቀይሮ ወደ ፋይበሩ ያስገባል። ራውተሩ የሚያየው እስከዚህ ሳጥን ድረስ ብቻ ነው። ፋይበሩ ጨጨሆ ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ፣ ወይም ደብረ ታቦር ያለ መሣሪያ ቢጠፋ፣ ሳጥኑ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ከራውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት እንዳለ ይቀጥላል። የፖርቱ መብራት አረንጓዴ ነው። በራውተሩ እይታ ምንም የወደቀ ነገር የለም፤ ስለዚህ ተጠባባቂውን አያስነሣም። ፓኬቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሞተው መስመር ይገባሉ፤ ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ይላል። ሁለት መስመር ኖሮ አገልግሎት የሚቆምበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ባለሙያው ሥራውን ሲያስረክብ የራውተሩን ገመድ ነቅሎ ተጠባባቂው ሲነሣ ካሳየ፣ ያሳየው በተግባር ብዙም የማያጋጥመውን ብልሽት ነው። ገመድ ከክፍል ውስጥ የሚነቀለው ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚበጠሰው ውጭ ነው።

ከባክአፕ ኢንተርፌስ ሌላ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ተንሳፋፊ መንገድ ይባላል። ራውተር ወደ አንድ መድረሻ የሚወስዱ መንገዶችን ከተለያዩ ምንጮች ሊያገኝ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ምንጭ የታማኝነት ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያነሰው ይመረጣል። በሲስኮ አሠራር በቀጥታ ለተሰካ ኔትወርክ 0፣ ባለሙያው በእጁ ለጻፈው መንገድ 1፣ ኦኤስፒኤፍ ከተባለው የመንገድ መለዋወጫ ለተገኘ 110 ነው። ባለሙያው ሁለት መንገድ ይጽፋል፤ አንዱን በፋይበሩ በኩል በመደበኛው ቁጥር፣ ሌላውን በሞባይል ሞደሙ በኩል ሆን ብሎ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ200። የመጀመሪያው በሰንጠረዡ ላይ እስካለ ድረስ ሁለተኛው አይታይም፤ የመጀመሪያው ሲሰረዝ ሁለተኛው ብቅ ይላል። የዚህ ዘዴ ብልጫ ተጠባባቂው ፖርት አለመተኛቱ ነው፤ ሁልጊዜ ሕያው ስለሆነ ጤናው ሊመረመር ይችላል። ነገር ግን ብቻውን ከቀድሞው ችግር አያወጣም። የመጀመሪያው መንገድ የሚሰረዘው ፖርቱ ሲወድቅ ነው፤ ፖርቱ ደግሞ ከላይ እንደተባለው አይወድቅም።

ስለዚህ ራውተሩ ከሳጥኑ ማዶ ያለውን እንዲያይ መርማሪ ያስፈልገዋል። በሲስኮ ይህ አይፒ ኤስኤልኤ ይባላል፤ ሌሎች አምራቾችም በየስማቸው ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው። ራውተሩ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ወደ አንድ ሩቅ አድራሻ ፒንግ፣ ማለትም «ካለህ መልስ» የሚል አጭር ፓኬት፣ ይልካል። መልስ እስከመጣ ድረስ ዋናው መንገድ በሰንጠረዡ ላይ ይቆያል፤ መልስ ሲቀር መንገዱ ይሰረዝና ተንሳፋፊው ይተካል። ካልተለወጠ በስተቀር ምርመራው የሚደረገው በየ60 ሰከንዱ ስለሆነ አብዛኛው ባለሙያ ወደ 5 ወይም 10 ሰከንድ ያወርደዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ከነምክንያቱ ሊብራራ ይገባል። ፋይበሩ ተበጠሰ እንበል። ፒንጉ መልስ ያጣል፣ ዋናው መንገድ ይሰረዛል፣ ትራፊኩ ወደ ሞባይሉ ይዞራል። ቀጣዩ ፒንግ ግን ራሱ ፓኬት ነውና እንደ ማንኛውም ፓኬት በሰንጠረዡ ይመራል፤ ሰንጠረዡ አሁን የሚያሳየው የሞባይሉን መንገድ ነው። ፒንጉ በሞባይሉ ወጥቶ መልስ ይዞ ይመለሳል። ራውተሩ መልሱን ሲያይ ፋይበሩ የዳነ ይመስለውና ትራፊኩን ወደ ሞተው መስመር ይመልሳል። ፒንጉ እንደገና ይጠፋል፣ እንደገና ይዞራል፤ ፋይበሩ እስኪጠገን በየጥቂት ሰከንዱ እንዲሁ ይዋልላል። የበሽሎ ድልድይ ፈርሶ እንደሆነ እንዲያይ የተላከ ሰው በታች ባለው መልካ ተሻግሮ «ደርሻለሁ» የሚል ወሬ ቢልክ፣ ስለ ድልድዩ የነገረን ነገር የለም። መፍትሔው መርማሪውን በአንዱ መንገድ ብቻ እንዲሄድ ማስገደድ ነው። ለሚጠየቀው አድራሻ ብቻ የሚያገለግል፣ በፋይበሩ በኩል የሚያልፍ ልዩ መንገድ ይጻፋል፤ የፋይበሩ ፖርት ጭምር ቢወድቅ ደግሞ ፒንጉ ወደ ሞባይሉ ከመዞር ይልቅ እዚያው እንዲጣል ሌላ መንገድ ከሥሩ ይደረጋል። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የሚደርሰው መዋለል ከነጠላ መስመር መቋረጥ የባሰ ነው።

የሚጠየቀው አድራሻ ምርጫም ያሳስባል። በጣም ቅርብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቴሌኮም ድርጅቱ የመጀመሪያ መሣሪያ ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ብልሽት አይታይም። በጣም ሩቅና አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ኮምፒውተር ለጥገና በጠፋበት ሌሊት ጤነኛው ፋይበር ሞቷል ተብሎ ቅርንጫፉ ያለ ምክንያት ወደ ውዱ መስመር ይዞራል። በመረጃ ማእከሉ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን ጠይቆ ሁለቱም ዝም ሲሉ ብቻ መዞር ከሁለቱም ስሕተት ይጠብቃል።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ ፒንግ በመቅረቱ መዞር ትክክል አይደለም፤ በተጨናነቀ መስመር አንድ ሁለት ፓኬት መጥፋት የተለመደ ነው። በሦስት ተከታታይ ዝምታ፣ ማለትም በ15 ወይም በ30 ሰከንድ፣ መዞር ለባንክ ቆጣሪ ሥራ ይበቃል። መመለሱ ግን እንደ መሄዱ መፍጠን የለበትም። ፋይበር ሲጠገን ቴክኒሻኖቹ እየቀጠሉ እየፈተሹ ስለሚሠሩ መስመሩ ይመጣል ይጠፋል። ዋናው መስመር ሳተላይት በሆነበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ በክረምት ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ፣ በተለይ ኬዩ ባንድ የሚባለውንና ከዚያ በላይ ያለውን፣ ስለሚያዳክም ደመናው እስኪያልፍ ግንኙነቱ ይዋልላል። ዋናው መስመር ሳይቋረጥ ለጥቂት ደቂቃዎች መቆየቱ ከታየ በኋላ መመለስ ይሻላል። በዚህ መካከል ቅርንጫፉ ጥቂት ተጨማሪ የሞባይል ዳታ ቢያወጣ የሚያስቆጭ አይደለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በቅርንጫፉ በኩል ያለው ግማሽ ነው። ግንኙነት ሁለት አቅጣጫ አለው። የነፋስ መውጫው ራውተር ወደ ሞባይል ቢዞርም፣ አዲስ አበባ ያለው የመረጃ ማእከል ራውተር ወደ ቅርንጫፉ የሚወስደው መንገድ አሁንም ፋይበሩ ነው ብሎ ካመነ ጥያቄው በአንዱ መንገድ ይደርሳል፤ መልሱ በሌላው መንገድ ይጠፋል። ለተጠቃሚው ሁለቱም ቢጠፉ ከሚሰማው የተለየ ነገር አይሰማውም። ሁለቱን ጫፎች የሚያስማማው ተለዋዋጭ የመንገድ ልውውጥ ነው፤ በየመስመሩ ላይ ሁለቱ ራውተሮች ሰላምታ እየተለዋወጡ የትኛው መስመር ሕያው እንደሆነ በየራሳቸው ያውቃሉ። ሰላምታ ሲቀር ሁለቱም በተቀራራቢ ጊዜ ሰንጠረዣቸውን ይቀይራሉ። ኦኤስፒኤፍ ባልተለወጠ ማስተካከያው በብዙ ዓይነት መስመሮች ላይ በየ10 ሰከንዱ ሰላም ይልና 40 ሰከንድ ዝም ከተባለ ጎረቤቱን ሞቷል ይላል። ቢጂፒ የተባለው በሲስኮ አሠራር 180 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ለባንክ መስኮት ይህ ረጅም ጊዜ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. መደበኛ መግለጫው የወጣው ቢኤፍዲ ለዚሁ ሲባል የተሠራ ፈጣን ሰላምታ ሲሆን፣ መቋረጥን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያሳውቅ ይችላል። በሳተላይት ወይም በሞባይል ላይ ግን እንዲህ ማፍጠን አይመከርም፤ የመስመሩ የራሱ መዘግየት እንደ ሞት ይቆጠራል።

በሞባይል በኩል ሌላ እንቅፋት አለ። የሞባይል ኔትወርክ ለሲም ካርድ የሚሰጠው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቅርንጫፉ ሞደም መደወል አይቻልም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ራሱ ወደ ማእከሉ ቪፒኤን፣ ማለትም የተመሰጠረ ቱቦ፣ ይከፍታል፤ የመንገድ ሰላምታውም በዚያ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን ራስጌ ስለሚጨምር 1500 ባይት የነበረው የፓኬት ጣሪያ ይቀንሳል። ይህ ሳይስተካከል ከቀረ እንግዳ ምልክት ይታያል፤ ትንንሽ ፓኬቶች ስለሚያልፉ ፒንግ ይመልሳል፣ የመግቢያው ገጽም ይከፈታል፤ ረጅም ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ስክሪኑ ቆሞ ይቀራል። ሠራተኛው «ኔትወርክ አለ፤ ሲስተሙ ነው የማይሠራው» ሲል የሚያየውን በትክክል እየተናገረ ነው። ከዚህም ሌላ በመዞሪያዋ ቅጽበት አድራሻው ከተቀየረ ክፍት የነበሩ ሥራዎች ይቋረጣሉ፤ ሠራተኛው እንደገና መግባት አለበት፣ በመካከል የነበረው ክፍያም መመዝገቡ መጣራት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መድረስ ይቻላል። ራውተሩ በትክክል አይቶ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ በሁለቱም ጫፍ ቢዞር የዞረበት መስመር ሕያው መሆን አለበት። ሁለት መስመሮች በውል ላይ ሁለት ሆነው በምድር ላይ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የሞባይል ማማ ከስልክ ጋር የሚነጋገረው በአየር ነው፤ ማማው ራሱ ከከተማው ወጥቶ ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚገናኘው ግን በፋይበር ወይም ከማማ ወደ ማማ በሚተላለፍ ማይክሮዌቭ ነው። የማማው መውጫ የባንኩ ፋይበር በተዘረጋበት ኬብል ውስጥ ካለ፣ መንገድ ዳር የሚቆፍር አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል። የሞባይሉ ምልክት በስልክ ላይ ሙሉ ሆኖ እየታየ ዳታው አያልፍም። ተጠባባቂውን ከሁለተኛ ድርጅት መውሰድም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የመሠረተ ልማት መጋራት ስምምነት አድርጓል፤ ሁለት ሲም ካርድ አንድ ማማ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ኤሌክትሪክም ሌላው የጋራ ገመድ ነው። የከተማው መብራት ሲጠፋ ራውተሩ፣ የቴሌኮሙ ሳጥንና የሞባይል ሞደሙ ከአንድ ሶኬት የሚጠጡ ከሆነ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ፣ ዩፒኤስ የሚባል ባትሪ ቢኖርም ብዙ ጊዜ የሚሰካበት ኮምፒውተሩ ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ትረሳለች። ማማውም የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር አለው፤ ባትሪው ሲያልቅና ነዳጁ ካልደረሰ ከከተማው ጋር አብሮ ይጨልማል።

ሦስተኛው የጋራ ዕጣ አስተዳደራዊ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ከነበረው ግጭትና ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር ተያይዞ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ተጠባባቂው በሞባይል ዳታ ላይ የቆመ ቅርንጫፍ በዚያ ጊዜ ተጠባባቂ አልነበረውም፤ ራውተሩ ግን ፋይበሩ እስኪበጠስ ድረስ ይህን አያውቅም። በአንድ ቦታ የማለፍ የጋራ ዕጣ በዓለም አቀፍ ደረጃም ታይቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የባሕር ሥር ኬብሎች በተቀራራቢ ጊዜ ተቆርጠዋል፤ በሁቲዎች ተመትታ ሠራተኞቿ ጥለዋት የሄዱት ሩቢማር የተባለች መርከብ መልህቋ በባሕሩ ወለል እየተጎተተ እንደቆረጣቸው ይታመናል። ኬብሎቹ የተለያዩ ኩባንያዎች ንብረት ነበሩ፤ ያለፉት ግን በአንድ ጠባብ ባሕር ነው። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ትራፊኳን በጅቡቲ ብቻ ሳይሆን በሱዳንና በኬንያም በኩል የምታሳልፈው ይህን ዓይነቱን አንድነት ለመከፋፈል ነው።

ተኝቶ የሚጠብቅ መስመር ደግሞ ሳይታወቅ ይሞታል። በሞደሙ ያለው ሲም ካርድ ወርኃዊ የዳታ ጥቅሉ ያልቃል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ስለቀረ ይዘጋል፤ የዲሹ አቅጣጫ በነፋስ ጥቂት ይዛባል። በባክአፕ ኢንተርፌስ አሠራር ፖርቱ በስታንድባይ ስለሚተኛ እነዚህ ነገሮች የሚታወቁት ዋናው በጠፋበት ዕለት ብቻ ነው። የዚህ ትእዛዝ ትልቁ ድክመት፣ በእኔ ግምት፣ ብልሽቱን ከማየት ማነሱ ሳይሆን የተጠባባቂውን ጤና መደበቁ ነው። ተጠባባቂው ሁልጊዜ ሕያው ሆኖ፣ ትንሽ የመንገድ ሰላምታ ብቻ እያሳለፈ፣ በማእከሉ ማስጠንቀቂያ ላይ መታየት አለበት። የሰላምታው የዳታ ወጪ ጥቂት ሜጋባይት ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቅርንጫፎች የሚሻለውን መናገር ይቻላል። ሞባይል በዋጋም በፍጥነትም የተሻለ ተጠባባቂ ነው፤ ነገር ግን የማማው መውጫ በየት እንደሚያልፍ ከቴሌኮም ድርጅቱ ተጠይቆ፣ ከዋናው ፋይበር ጋር አንድ ኬብል መሆኑ ከታወቀ፣ ዘገምተኛው ሳተላይት ይመረጣል። ግማሽ ሰከንድ የሚዘገይ መስመር ለቪዲዮ ስብሰባ አይመችም፤ ገንዘብ ለማስገባትና ለማውጣት ግን ይበቃል። ወገዳን በመሰለ ከዋናው ጎዳና በራቀ ከተማ፣ የጥገናው ቡድን እስኪደርስ በሚጠበቅበት ቦታ፣ ይህ ምርጫ ይበልጥ ያስኬዳል። ለአነስተኛ ቅርንጫፍ ተንሳፋፊ መንገድ ከመርማሪ ጋር ይበቃል፤ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ የመንገድ ልውውጥ ይሻላል፤ የማእከሉን ጫፍ በእጅ ማስተካከል የማይቻል ስለሚሆን።

ፈተናውም በሦስት መንገድ መደረግ አለበት። የራውተሩን ገመድ መንቀል አንዱ ነው፤ ይህ ፖርት መውደቁን ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው የቴሌኮሙን ሳጥን ሳያጠፉ ከጀርባው ያለውን ፋይበር መንቀል ነው፤ መርማሪው ከሳጥኑ ማዶ ማየቱ የሚረጋገጠው በዚህ ነው፤ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ተነቅሎ ቢቆይም መስመሩ ሳይዋልል መቆየቱ መታየት አለበት። ሦስተኛው የቅርንጫፉን ዋና የመብራት ማብሪያ ማጥፋት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም መስመሮች አብረው ከወደቁ የሚቀጥለው ግዢ ሌላ ራውተር ሳይሆን ለሳጥኑና ለሞደሙ የሚሆን ባትሪ ነው።